ስለ ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ አደራደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች አራት ኪሎ አካባቢ የኬሚስትሪ ማጠናከሪያ ትምህርት በሰጠሁባቸው ዓመታት ከተማሪዎች፣ አልፎ አልፎም ልጆቻቸውን ሊወስዱ ከሚመጡ ወላጆች፣ ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብዙ ተማሪዎች ቃላቱን ሸምድደው ሐሳቡን ሳይዙት ይቀራሉ፤ መልሶቹን በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጥረ ነገሮቹ የተደረደሩት በምን ቅደም ተከተል ነው?

በአቶም ቁጥራቸው ነው። የአቶም ቁጥር ማለት በአንድ አቶም አስኳል ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት ሲሆን፣ የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚወስነው እሱ ብቻ ነው። 79 ፕሮቶን ያለው አቶም የትም ይገኝ የት ወርቅ ነው፤ አንድ ፕሮቶን ቢጨመርበት 80 ይሆንና ባዜቃ ይባላል፣ ቢቀነስበት ደግሞ 78 ሆኖ ፕላቲነም ይሆናል። ፕሮቶን በግማሽ ስለማይገኝ፣ በ79 እና በ80 መካከል ያልተገኘ ንጥረ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ መፈለግ አያስፈልግም። ሰንጠረዡ ከሃይድሮጅን፣ ማለትም ከቁጥር 1፣ ተነሥቶ አንድም ቁጥር ሳይዘል እስከ 118 ይደርሳል።

ቅደም ተከተሉ በቁጥር ከሆነ፣ በአንድ ረጅም መስመር ከመጻፍ ይልቅ ለምን እየተቆረጠ ተደረደረ?

የሰንጠረዡ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ንጥረ ነገሮቹን በቁጥራቸው እየተከተልን ጠባያቸውን ብንመዘግብ፣ ጠባዩ እየተለዋወጠ ይሄድና ከተወሰነ ርቀት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ቁጥር 3 ሊቲየም ለስላሳና ውሃ ሲነካው የሚቆጣ ብረት ነው፤ ከእሱ ቀጥለው ያሉት ሰባቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ቁጥር 11 ላይ ሶዲየም ሲደርስ ግን ያው የሊቲየም ጠባይ ይደገማል፣ ቁጥር 19 ላይ ደግሞ ፖታሲየም ይደግመዋል። ስለዚህ መስመሩ ጠባዩ በተደገመበት ቦታ ሁሉ ይቆረጥና አዲስ ረድፍ ይጀመራል፤ ተመሳሳዮቹም አንዱ ከሌላው ሥር ይውላሉ። አግድም ያለው ረድፍ ፔሬድ፣ ቁልቁል ያለው ዓምድ ምድብ ይባላል።

ፊደል የቆጠረ ሰው ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በፊደል ገበታ ላይ ወደ ጎን ስንሄድ «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያልን አንዱን ፊደል በሰባት ድምፅ እናነበዋለን፤ ወደ ታች ስንወርድ ደግሞ «ሁ፣ ሉ፣ ሑ፣ ሙ» እያልን ካዕቡን ብቻ እንለቅማለን። የአንዱ ፊደል ድምፅ የጠፋው ልጅ በየትኛው ረድፍና በስንተኛው ቤት እንዳለ ካወቀ ከቦታው ተነሥቶ ይደርስበታል። ንጽጽሩ የሚሰናከልበት ቦታም አለ፦ የገበታው ረድፎች ሁሉ እኩል ሰባት ሰባት ሲሆኑ፣ የፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ሰባት ረድፎች ግን በቅደም ተከተል 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32 እና 32 ንጥረ ነገሮችን ይይዛሉ። ሰንጠረዡ መካከሉ ዝቅ ብሎ ሁለት ጫፎቹ ከፍ ያሉት በዚህ የተነሣ ነው።

በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉት ለምን ይመሳሰላሉ?

አንድ አቶም ከሌላው ጋር የሚገናኘው በአስኳሉ ዙሪያ በእርከን በእርከን ከሚገኙት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ከኤሌክትሮኖች፣ መካከል በውጭኛው እርከን ላይ ባሉት፣ ማለትም በቫለንስ ኤሌክትሮኖቹ፣ አማካይነት ስለሆነ ነው። ሊቲየም ኤሌክትሮኖቹን 2፣ 1 አድርጎ ይደረድራል፤ ሶዲየም 2፣ 8፣ 1፤ ፖታሲየም ደግሞ 2፣ 8፣ 8፣ 1። ውስጣቸው ቢለያይም ሦስቱም ደጅ ላይ ያቆሙት አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነውና ከውጭ ለሚመጣ አቶም የሚሰጡት ምላሽ ተቀራራቢ ይሆናል። የእርከኖቹ ብዛት ደግሞ የረድፉን ቁጥር ይሰጣል፤ ሶዲየም ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚገኘው ሦስት እርከን ስላለው ነው።

ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ነጭ ጋዝ ውስጥ ተነክሮ የተቀመጠ ሶዲየም በመቆንጠጫ አውጥተው በቢላ ቆረጡልን። እንደ ረጋ ቅቤ ተቆረጠ፤ የተቆረጠው ፊት ለአፍታ እንደ መስተዋት አብርቶ ዓይናችን እያየ ደበዘዘ። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቁራጭ ውሃ ላይ ሲጥሉ ቁራጯ ቀልጣ ክብ ሆነች፣ ሽሽሽ እያለችም በውሃው ፊት ላይ ተሯሯጠች። ውሃው ፊኖልፍታሊን የተባለ ቀለም የሚለውጥ ጠቋሚ ጠብ ተደርጎበት ስለነበር ቁራጯ በሄደችበት ሁሉ ከኋላዋ ሮዝ መስመር ይቀር ነበር። ፖታሲየም ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወዲያውኑ በሐምራዊ ነበልባል ይቀጣጠል እንደነበር ነገሩን። ምክንያቱም በዚህ ዓምድ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ውጭኛው ኤሌክትሮን ከአስኳሉ ስለሚርቅ ለመውጣት ይቀለዋል።

ቦታውን ብቻ አይቼ ስለማላውቀው ንጥረ ነገር ምን ማለት እችላለሁ?

ከሚጠበቀው በላይ ብዙ ነገር ማለት ይቻላል። ቁጥር 38 ስትሮንቲየምን ስሙን ብቻ ሰምቶ የሚያውቅ ተማሪ፣ በሁለተኛው ምድብ ከካልሲየም ሥር መቀመጡን ካየ ብረት እንደሆነ፣ ሁለት ውጫዊ ኤሌክትሮን እንዳለው፣ ከክሎሪን ጋር ሲዋሃድ አንዱ ስትሮንቲየም ሁለት ክሎሪን እንደሚይዝ መናገር ይችላል። ከኑክሌር ፍንዳታ የሚወጣው ራዲዮአክቲቭ ስትሮንቲየም አደገኛ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ዝምድና ነው፤ ሰውነታችን ከካልሲየም ጋር እያምታታው ወደ አጥንት ያስገባዋል።

ተማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያስገርማቸው የአቶም መጠን ነው። ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር ፕሮቶንም ኤሌክትሮንም ስለሚጨመር አቶሙ የሚተልቅ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ የሚጨመሩት ኤሌክትሮኖች እዚያው ውጭኛው እርከን ላይ ስለሚቀመጡ፣ የበረታው አስኳል ሁሉንም ወደ ራሱ ይስባቸዋል። የሶዲየም አቶም ሬዲየስ 186 ፒኮሜትር (የሜትር ትሪሊዮንኛ) ሲሆን፣ በዚያው ረድፍ ላይ ያለው የክሎሪን ግን 99 ብቻ ነው። ከአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶሞችን በብዛት የሚቆጥሩበት መለኪያ) የሶዲየም አቶሞች አንድ አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎ ጁል ይበቃል፤ ለክሎሪን 1251 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። በጥቅሉ ብረታ ብረቶች በግራና በታች፣ ብረት ያልሆኑት በቀኝና በላይ የሚገኙት ከዚህ የተነሣ ነው፤ በመካከላቸው በደረጃ መልክ በተሰመረው ወሰን አካባቢ እንደ ሲሊከን ያሉት ከፊል ብረት አስተኔዎች ይሰፍራሉ።

ሠላሳና አርባ ንጥረ ነገር በቃሉ ይዞ የስትሮንቲየምን ጥያቄ መመለስ ከማይችል ተማሪ፣ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ብቻ አውቆ ቦታን ማንበብ የሚችለው ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ምድብ «ቤተሰብ» ከተባለ፣ አባላቱ በዓይን ሲታዩ ለምን አይመሳሰሉም?

ዝምድናው የጠባይ እንጂ የመልክ ስላልሆነ ነው። 17ኛውን ምድብ፣ የሃሎጅኖችን ዓምድ፣ ከላይ ወደ ታች እንመልከት። በክፍል ውስጥ ሙቀት ፍሎሪን ፈዛዛ ቢጫ ጋዝ፣ ክሎሪን አረንጓዴ ያዘለ ቢጫ ጋዝ፣ ብሮሚን ቀይ ቡናማ ፈሳሽ፣ አዮዲን ደግሞ ጠቆር ያለ ጠጣር ነው። ሆኖም አራቱም ውጭኛው እርከናቸው ላይ ሰባት ኤሌክትሮን አላቸው፤ ስምንተኛውን ከሌላ አቶም ለማግኘት ሁሉም ይሻማሉ፤ ከሶዲየም ጋር ሲገናኙም ሁሉም ጨው ይሠራሉ።

ይህ ዓምድ በአገራችን በደንብ የሚታወቅ ነው፣ ምንም እንኳ በስሙ ባንጠራው። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም እሳተ ገሞራ ከፈጠራቸው አለቶች ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የገባው ፍሎራይድ ምልክት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በክሎሪን ነው፤ በረኪና ሲከፈት አፍንጫን የሚሰነፍጠውም ከዚያው ወገን ነው። አዮዲን ደግሞ እንቅርትን ለመከላከል በገበታ ጨው ውስጥ ይጨመራል። አንድ ቤት ውስጥ ጨው፣ በረኪናና የጥርስ ሳሙና ካለ ሦስት ሃሎጅኖች አሉ ማለት ነው።

አንዱ መጽሐፍ «ሰባት-ኤ» ሲል ሌላው «17» የሚለው ለምንድን ነው?

ሁለቱም ያንኑ ዓምድ ይጠራሉ። የቀድሞው አጠራር በሮማውያን ቁጥርና በ«ኤ» እና «ቢ» ፊደላት ይጠቀማል፤ ጥቅሙ በ«ኤ» ምድቦች ቁጥሩ የቫለንስ ኤሌክትሮኖችን ብዛት በቀጥታ መናገሩ ነው። አውሮፓና አሜሪካ «ኤ»ንና «ቢ»ን በተለያየ ትርጉም ይጠቀሙባቸው ስለነበር፣ ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ግርግሩን ለማስቀረት ከ1 እስከ 18 የሚቆጥረውን አጠራር አጸደቀ። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ሁለቱንም ቢያውቅ ይመረጣል።

ሰንጠረዡን ማን ፈጠረው?

ከሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በፊት ተመሳሳይ ሐሳብ ያቀረቡ፣ በዚያው ዘመንም እንደ ጀርመናዊው ሎታር ማየር ያሉ ነበሩ፤ ቢሆንም ምስጋናው ባብዛኛው ለእሱ የተሰጠው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ሜንዴሌቭ ሰንጠረዡን ያወጣው በ1869 ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። በወቅቱ የሚታወቁት 63 ንጥረ ነገሮች ብቻ ሲሆኑ፣ እሱም የደረደራቸው በአቶም ክብደታቸው ነበር፤ ፕሮቶንም ሆነ ኤሌክትሮን ገና አልታወቁም።

ትልቁ ሥራው ግን የደረደረው ሳይሆን ያልደረደረው ነው። ቀጥሎ ያለው ንጥረ ነገር ጠባዩ ከዓምዱ ጋር አልገጥም ሲለው እንዲያው አላስገባውም፤ ቦታውን ባዶ ትቶ «እዚህ ላይ ገና ያልተገኘ አለ» አለ። ከአሉሚኒየም፣ ከቦሮንና ከሲሊከን ጋር ለሚዛመዱ ሦስት ያልታወቁ ንጥረ ነገሮች ክብደታቸውንና ጠባያቸውን አስቀድሞ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ሎኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘና እፍጋቱን ለክቶ 4.7 ነው አለ። ሜንዴሌቭ ንጥረ ነገሩን በዓይኑ ሳያይ 5.9 ገደማ መሆን እንዳለበት ጻፈለት። ፈረንሳዊው ናሙናውን የበለጠ አጥርቶ ድጋሚ ሲለካ 5.9 ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ በ1879 ስካንዲየም፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በ1886 ደግሞ ጀርማኒየም ተገኙ። ለጀርማኒየም የተተነበየው የአቶም ክብደት 72 ሲሆን የተለካው 72.6 ነው።

በክብደት ብናየው አንዳንዶቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ስሕተት ነው?

ስሕተት አይደለም፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪም ሰንጠረዡን በጥንቃቄ ተመልክቷል ማለት ነው። ቴሉሪየም 127.6፣ አዮዲን 126.9 ይመዝናል፤ በክብደት ቢሆን አዮዲን መቅደም ነበረበት። ሜንዴሌቭ አዮዲን ከክሎሪንና ከብሮሚን ሥር ካልዋለ ዓምዱ ትርጉም እንደማይኖረው ስላየ፣ የቴሉሪየም ክብደት በስሕተት ተለክቶ ይሆናል ብሎ ጠባዩን አስቀደመ። አደራደሩ ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ልክ አልነበረም። አርጎንና ፖታሲየምም ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው።

መልሱ የተገኘው ሜንዴሌቭ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1913 ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ከንጥረ ነገሮች የሚወጣውን የኤክስ ሬይ ድግግሞሽ ሲለካ፣ ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ በተስተካከለ እርምጃ የሚያድግ ቁጥር አገኘ። ያ ቁጥር የአስኳሉ ቻርጅ፣ ማለትም የአቶም ቁጥር ነው። በዚህ መለኪያ ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53 ሆኑና ነገሩ ተቋጨ። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ በጋሊፖሊ ጦርነት ተገደለ።

የምንጽፍበት እርሳስና እርሳስ የተባለው ንጥረ ነገር አንድ ናቸው?

አይደሉም። የምንጽፍበት እርሳስ ልቡ ግራፋይት ከሸክላ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ካርቦን፣ ቁጥር 6፣ ነው። ንጥረ ነገሩ እርሳስ ቁጥር 82 ሲሆን ከባድና መርዛማ ብረት ነው። በአውሮፓም ግራፋይትን ድሮ የእርሳስ ዓይነት አድርገው ይቆጥሩት ስለነበር የስሙ መምታታት የእኛ ብቻ አይደለም። ደስ የሚለው አጋጣሚ ሁለቱም 14ኛው ምድብ ውስጥ መገኘታቸው ነው፦ ካርቦን ከላይ፣ እርሳስ ከታች፣ በመካከላቸው ሲሊከን፣ ጀርማኒየምና ቆርቆሮ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከላይ ብረት ያልሆነ፣ መካከል ላይ ከፊል ብረት አስተኔ፣ ታች ደግሞ ብረት ማየት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

«ቆርቆሮ» ሲባልም መጠንቀቅ ያሻል። ንጥረ ነገሩ ቆርቆሮ ቁጥር 50 ነው፤ በየጣሪያው ላይ የምናየው ቆርቆሮ ግን ባብዛኛው በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። «ብረት» የሚለው ቃልም በአማርኛ አንዳንዴ ቁጥር 26ን ብቻ፣ አንዳንዴ የብረታ ብረትን ወገን በሙሉ ስለሚያመለክት የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ከአገባቡ መለየት አለበት።

ናስና ነሐስ በሰንጠረዡ ላይ ለምን የሉም? 18 ካራት ወርቅስ የት ነው?

ሰንጠረዡ የሚይዘው ንጥረ ነገሮችን ብቻ ስለሆነ ድብልቆች አይገቡበትም። ናስ መዳብና ዚንክ፣ ነሐስ ደግሞ መዳብና ቆርቆሮ ነው። 18 ካራት ወርቅም ድብልቅ ነው፤ ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ ማለትም 75 በመቶ፣ ሲሆን የቀረው ባብዛኛው ብርና መዳብ ነው። 21 ካራት 87.5 በመቶ ወርቅ አለው።

ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች በአንዱ ቆሞ የተመለከተ ሰው 11ኛውን ምድብ በሥራ ላይ አይቷል ማለት ይቻላል። በሰንጠረዡ ላይ መዳብ (29)፣ ብር (47) እና ወርቅ (79) አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረዋል፤ አንጥረኛው ወርቁን የሚያጠነክረው በራሱ ዓምድ ከበላዩ ባሉት ሁለት ዘመዶቹ ነው። መዳብ ሲበዛ ጌጡ ይቀላል፣ ብር ሲበዛ ይነጣል። ዕቃው የሚፈተሸው ጥቁር ድንጋይ ላይ ተፍቆ የቀረው መስመር አሲድ ጠብ ሲደረግበት ነው፤ ናይትሪክ አሲድ መዳብንና ብርን ይበላል፣ ንጹሕ ወርቅን ግን አይነካም፣ ናስ ከሆነ መስመሩ አረንጓዴ አረፋ አውጥቶ ይጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ በመጀመሪያው ምድብ ወደ ታች ስንወርድ ንጥረ ነገሮቹ ይበልጥ ቁጡ ሲሆኑ፣ በ11ኛው ግን ታች ያለው ወርቅ ከሁሉም ጭምት ነው። አቅጣጫው በሁሉም ዓምድ አንድ ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል።

ከሥር ተነጥለው የተጻፉት ሁለት ረድፎች ምንድን ናቸው?

ላንታናይዶች (ከ57 እስከ 71) እና አክቲናይዶች (ከ89 እስከ 103) ናቸው። ትክክለኛ ቦታቸው በስድስተኛውና በሰባተኛው ረድፍ ውስጥ ነው፤ እዚያው ቢገቡ ግን ሰንጠረዡ 32 ዓምድ ስለሚሆን ገጹ አይችለውም። «ኰ» እና «ጐ»ን የመሳሰሉት ዲቃላ ፊደላት ከገበታው ግርጌ እንደሚሰፍሩት ያለ ነው። ከስካንዲየም ሥር የሚውለው ላንታነም ነው ወይስ ሉተሺየም በሚለው ላይ ኬሚስቶች ዛሬም ስለሚከራከሩ በመጽሐፍና በመጽሐፍ መካከል ትንሽ ልዩነት ቢታይ የኅትመት ስሕተት አይደለም።

ሃይድሮጅን ጋዝ ሆኖ ሳለ ከብረቶቹ በላይ ለምን ተቀመጠ?

አንድ ኤሌክትሮን ስላለው ነው። ይሁንና አንድ ኤሌክትሮን ቢጨምር እርከኑ ስለሚሞላ ሃሎጅኖችንም ይመስላል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰንጠረዦች ለብቻው ነጥለው ያስቀምጡታል። ከሥሩ ያሉት የእነ ሊቲየምና ሶዲየም፣ ማለትም የአልካሊ ብረቶች፣ ወገን እንዳልሆነ ማወቅ ይበቃል።

የሶዲየም ምልክት ከስሙ ጋር ለምን አይገጥምም?

አንዳንድ ምልክቶች የተወሰዱት ከላቲን ስም ስለሆነ ነው። ሶዲየም «ናትሪየም»፣ ፖታሲየም «ካሊየም»፣ ብረት «ፌሩም»፣ ወርቅ «አውሩም»፣ እርሳስ «ፕሉምቡም» ከሚባሉት ስሞች መነሻ ፊደሎቻቸውን አግኝተዋል። የ«ካሊየም» ሥር በዐረብኛ ከተክል አመድ ጋር የተያያዘ ነው፤ «አልካሊ» የሚለው ቃልም ከዚያው መጣ።

ሰንጠረዡ 118 ላይ አለቀ?

ሰባተኛው ረድፍ ሞልቷል። የመጨረሻዎቹ አራት ስሞች፣ ማለትም 113 ኒሆኒየም፣ 115 ሞስኮቪየም፣ 117 ቴኔሲንና 118 ኦጋኔሰን፣ የጸደቁት በ2016 ነው። እነዚህ በተፈጥሮ የሚገኙ አይደሉም፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ሁለት አስኳሎችን በማጋጨት ጥቂት አቶሞች ብቻ የተሠሩ ሲሆን፣ የኦጋኔሰን አቶም የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺኛ ለሚያንስ ጊዜ ነው። ቁጥር 119 ቢሠራ ስምንተኛውን ረድፍ ይከፍታል፣ ቦታውም በመጀመሪያው ምድብ ከፍራንሲየም ሥር ይሆናል። ጠባዩ ግን ከዓምዱ ጋር መስማማቱ እርግጥ አይደለም። አስኳሉ እጅግ ሲከብድ ውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚጠጋ ፍጥነት ስለሚኖራቸው የእርከኖቹ ሥርዓት ይዛባል፤ ኦጋኔሰን ራሱ ከሌሎች ጋር በቀላሉ ከማይዋሃዱት ከኖብል ጋዞች ዓምድ ግርጌ ቢቀመጥም፣ ስሌቶች እንደሚያመለክቱት በክፍል ውስጥ ሙቀት ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ሊሆን ይችላል።